የተበላ ቅጠል አይደር

ጥር 6

ለወንድም ጋሼ፣

«ለጤናህ እንደምን አለህ?» ብዬ ልጀምር ብዕሬን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ጤና እንደሌለህ እያወቅኩ ምን ብዬ ልጠይቅህ? ሆስፒታል ተኝተህ መውጣትህን የሰማሁት ከአንተ አይደለም፤ ከሚስትህ ከእታበባም አይደለም። ቲማቲማችሁን ወደዚህ ከተማ የሚያመላልሰው ሹፌር ነው ሣጥን እያወረደ፣ ስለ አየሩ ጠባይ እንደሚያወራ ሰው፣ «ወንድምሽማ ለጥቂት ነው የተረፈው» ያለኝ። እዚያው ገበያ መሃል ዘንቢሌ ከእጄ ወደቀ። እሱም ደንግጦ «አልነገሩሽም እንዴ?» አለ። አልነገሩኝም አልኩት። እንዴት እንዳፈርኩ ልነግርህ አልችልም።

ከሹፌሩ አፍ ያወጣሁትን ልንገርህና ውሸት ከሆነ አስተባብል። የፀረ ተባይ መርጫውን አዝለህ፣ አፍና አፍንጫህን ሳትሸፍን፣ ሙሉ ቀን መስታወት ቤቱ ውስጥ ስትረጭ ውለህ ወደቅህ። ምራቅህ ይዝረበረብ ነበር። ዓይንህ አላይ ብሎህ የእታበባን እጅ በዳበሳ ነው የያዝከው። ሐኪሙም «ለዓመታት የተነፈሰው መድኃኒት ነርቩን የሚጠብቀውን ነገር ከደሙ አሟጦታል፤ እስኪተካ ድረስ እንደገና ከረጨ እኔ ጋ እንዳታመጡት» ብሎ እታበባን አስጠንቅቋታል።

ይህን ሁሉ ይዘህ ነው ባለፈው «እኛ ሁላችን ደህና ነን፣ ዳኛውም ደህና ነው» ብለህ የጻፍክልኝ። የውሻውን ጤንነት ነገርከኝ! በስልክ እንዳላፋጥጥህ ስልክህ የውሃ በርሜል ውስጥ ከገባ ወዲህ ሌላ አልያዝክም፤ እታበባም ስልክ ጆሮዬን ያመኛል ትላለች። እንግዲያው በወረቀት እንፋጠጥ።

አንድ ነገር እለምንሃለሁ። በዚህ ሰብል መርጫውን አትንካው። አባባ መስታወት በመስታወት እየገጠመ የሠራው ቤት በትል እጅ እንዲወድቅ አንተም አትፈልግም፣ እኔም አልፈልግም። ስለዚህ እጅህን አጣጥፈህ ተቀመጥ አላልኩህም። ሹፌሩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ችግኞች ያደርስልሃል። እኛ ቤተ ሙከራ ውስጥ «ጠሪዎቹ» እንላቸዋለን። ቲማቲም ናቸው፣ ከጫካ ዘመዳቸው ጋር የተዳቀሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተክል ትል ሲነክሰው ያውቃል፤ የትሉን ምራቅ ከመቀስ ይለያል። ከቆሰለው ቅጠል መልእክት ተነስቶ በጅማቶቹ በኩል ወዳልቆሰሉት ይሮጣል። መልእክተኛውን ጃስሞኔት እንለዋለን። መልእክቱ የደረሰው ቅጠል የትሉን ሆድ የሚያውክ ነገር ያዘጋጃል፤ ትሉ ይበላል እንጂ አይፈጭለትም። ከዚያም አልፎ ተክሉ በአየር ላይ ጠረን ይለቃል። ጎረቤቱ ተክል ያንን ጠረን ሲያገኝ ሳይነከስ በፊት ይሰናዳል። ትል የምታድን ጥቃቅን ተርብም ጠረኑን ተከትላ ትመጣለች። የእኛ የለመድነው ቲማቲም ይህን ጥሪ ከረሳ ቆይቷል፤ በዚያ ላይ እኛ ስለምንረጭለት አያስፈልገውም ነበር። ጠሪዎቹ ግን ጮክ ብለው ይጠራሉ። በየመደቡ ራስ ላይ ትከላቸው።

ቃልህን በጽሑፍ ስጠኝ።

አባጨጓሬህ

&nbsp;

ጥር 15

ለተከበርሽው እህቴ ለአባጨጓሬ፣

ፈጣሪ ይመስገንና እኔ ደህና ነኝ። «ደህና» ስል እንደምትቆጪ አውቃለሁ፤ ግን ሰው ሰላምታውን በሌላ በምን ይጀምራል? ደብዳቤሽን እንደ ልማዱ ዳኛው ነው ከሹፌሩ እጅ ነጥቆ በአፉ ያመጣልኝ። ጥርሱ ያረፈበት ቦታ ላይ ሁለት ስድብ ሳላነብ ቀርቻለሁ፤ የቀሩት ደርሰውኛል።

ይቅርታ አድርጊልኝ። ክፉ ወሬ ሩቅ ላለ ሰው ቢጻፍ ከማልቀስ በቀር ምን ይረባዋል ብዬ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ? ሹፌሩም ቢሆን ያጋንናል፤ እሱ ጎማ ሲፈነዳበት ጦርነት ተነሳ ብሎ የሚያወራ ሰው ነው። ስለ ጤናዬ ልትጠይቂኝ ላሰብሽው ሁሉ መልሴ ይኸው፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሐኪሙ ዘንድ እመላለሳለሁ። የቀረውን ሚስቴን ጠይቂያት።

ችግኞችሽን ተክያቸዋለሁ። ልንገርሽ፣ መልክ አልሰጣቸውም። ፀጉራም ናቸው፣ ሲያፈሩም ፍሬያቸው ከአተር አይበልጥም አሉ። አባባ በሕይወት ቢኖር ከበር ነበር የሚመልሳቸው። ትናንት አጠገባቸው ቆሜ ጆሮዬን ወደ አንዱ ቅጠል አስጠጋሁ። ምንም አላለኝም። ዞር ስል እታበባሽ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። «መድኃኒቱ ጭንቅላቱም ዘንድ ደርሷል» ሳትል አልቀረችም።

ቃሌን ፈልገሽ የለ? በአባታችን አጥንት፣ መርጫውን አልነካም። ቤቱም ለጊዜው እንደ መስታወቱ ንጹሕ ነው። ማታ ማታ ስዞር አንድ የተቀደደ ቅጠል አልተውም። የመጣ እንግዳ ሁሉ «ይህ የአባትህ እጅ ነው» ይለኛል።

ጽሕፈቴ ከተበላሸብሽ ብርዱ ነው፤ ጣቶቼ ብዕር አልጨብጥ እያሉ ያስቸግሩኛል።

ወንድምሽ

&nbsp;

የካቲት 1

ለወንድም ጋሼ፣

በሹፌሩ የላክሃት ቁራጭ ወረቀት ደርሳኛለች። ሰላምታ የላት፣ ስንብት የላት፣ «ጠሪዎቹ ከተነከሱ በኋላ ለመጥራት ስንት ቀን ይፈጅባቸዋል?» የምትል ጥያቄ ብቻ። አንተ ለጎረቤት በግ እንኳን ሰላምታ የማትነፍግ ሰው ነህ፤ ምን ቢያስቸኩልህ ነው? እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ትል ያየ ሰው ብቻ ነው። አይተሃል እንዴ? አላልከኝም።

መልሱን ልንገርህ፤ በአንድ ጀንበር አይሆንም። እዚህ የምሠራበት ክፍል ውስጥ እያንዳንዱ ተክል በየራሱ የብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ነው የሚኖረው። በአንድ ቱቦ ንጹሕ አየር ይገባል፤ በሌላው የተክሉን ጠረን ይዞ ይወጣና መሣሪያው እንደ አፍንጫ ሆኖ ይለየዋል። ትል ስንለቅበት ወዲያው የሚወጣው እንደ ታጨደ ሣር የሚሸት ነው። እሱ ማንኛውም ቅጠል ሲቀደድ የሚወጣ ስለሆነ ብዙም አይቆይም። ዋናውን ጥሪ ግን ተክሉ ከባዶ ተነስቶ መሥራት አለበት፤ ስለዚህ በማግሥቱና በሠልስቱ ነው የሚበረታው። ጎረቤቶቹም የሚነቁት፣ ተርቢቱም የምትመጣው ያን ጊዜ ነው።

ተርብ ስልህ ያቺን እግርህን ነድፋ ያሳበጠችህን እንዳታስብ። ይህቺኛዋ ከሰሊጥ እምብዛም አትበልጥም፤ ሰው አትናደፍም። እንቁላሏን ትሉ ሰውነት ውስጥ ትጥላለች፤ ጫጩቶቿ ትሉን ከውስጥ ይጨርሱታል። ሲያዩት ደስ አይልም። እኔ ግን እያየሁ ምሳዬን እበላለሁ፤ አባጨጓሬ ብለህ ስም ያወጣህልኝ አንተ አይደለህ?

አሁን ቁም ነገር። በጣም ተጨንቄአለሁ። እዚህ ብሳሳት አንድ ሙከራ ይበላሽብኛል፤ ጠርሙስ አጥቤ እንደገና እጀምራለሁ። እዚያ ብሳሳት ግን ተስፋ ቆርጠህ መርጫውን ታዝላለህ። አንተን እንደገና መጀመር አልችልም። ስለዚህ ምን እያየህ እንደሆነ አንድ ሳታስቀር ጻፍልኝ። ጽሕፈትህ ደግሞ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል። የላክሁልህን ሹራብ ለብሰህ ነው ብርድ ነው የምትለኝ?

አባጨጓሬህ

&nbsp;

የካቲት 10

ለእህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ሁላችን ደህና ነን።

አዎ፣ ትል ገብቷል። የጠየቅሽው ይኸው ነው። መጀመሪያ ከውኃው ቱቦ በኩል ያሉት መደቦች ላይ ነበር፤ አሁን መሃል ደርሷል። ፍሬው ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ታያለሽ፤ ስትከፍቺው ውስጡ ባዶ ነው። ለምን ቶሎ አልነገርከኝም ላልሽው፣ ያልፋል ብዬ ነው።

ጠሪዎችሽ ወይ ዲዳ ናቸው ወይ ኩሩ። ያቺ የሰሊጥ ታናሽ እህት የምታህል ተርብሽም እስካሁን ደጃችንን አልረገጠችም። እታበባሽ በየጠዋቱ በሩን ከፍታ «እንግዶቹ ዛሬም የሉም» ትለኛለች። መጀመሪያ ስታሾፍ ነበር የምትለኝ፤ አሁን አታሾፍም።

ትናንት መድኃኒት ሻጩ በሞተር ሳይክል መጥቶ ነበር። ቤቱን አየና ራሱን ነቀነቀ። «ሰውዬ፣ የአባትህን ቤት ለትል ልትሰጥ ነው? አንዱን መደብ ብቻ ብትረጭ ምን ትሆናለህ?» አለኝ። ሰው ሞኝ ሲመስለው እንደሚያይ ነው ያየኝ። እኔም እህቴን ልጠይቅ ብዬ ሸኘሁት። ይኸው ጠየቅኩሽ። ከዳር ያለውን አንድ መደብ ብቻ፣ አፌን በጨርቅ ሸፍኜ፣ ጠዋት በብርዱ ብረጭስ? መርጫውን አጥቤ ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ። አቧራ ስለያዘው ነው እንጂ ሌላ እንዳታስቢ።

በእኔ በኩል የጎደለ ነገር የለም። ማታ ማታ መደቡን ሁሉ ዞሬ አጸዳለሁ፤ ጠሪዎችሽንም ሳላዳላ አጸዳቸዋለሁ። እዚህ ላይ የሰረዝኩትን መስመር አታንብቢ፤ ብዕሩ አምልጦኝ ነው።

ቶሎ መልሺልኝ። ቶሎ።

ወንድምሽ

&nbsp;

የካቲት 17

ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ ይቆየኝ፤ መልሱ ይቅደም። አይሆንም! አንድ መደብም አይሆንም፣ ግማሹም አይሆንም። ዝግ ቤት ውስጥ መርጫ አዝለህ ከገባህ መደቡ አንድ ይሁን አሥር ሳንባህ አይቆጥርም። «ምን ትሆናለህ?» ላለህ ሰው መልሱን ሐኪሙ ነግሮሃል።

የሰረዝከውን መስመር መስኮት ላይ ለጥፌ በብርሃን አነበብኩት። «ማንኪያ ከእጄ እየወደቀ እታበባ ታጎርሰኛለች» ይላል። ስለዚህ ብርድ አልነበረም። ወንበሬ ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ ተናድጄ ተነሳሁ፤ ንዴት ለሥራ ይበጀኛል።

ከአንተ ጠሪዎች ጋር የበቀሉትን ወንድሞቻቸውን አውጥቼ ትል ለቀቅኩባቸው። በማግሥቱ መሣሪያው ጥሪያቸውን ቁልጭ አድርጎ አሳየኝ። ተርቦቹን ብለቃቸው ሌላውን ሁሉ ትተው ወደ እነሱ በረሩ። ታዲያ አንተ ዘንድ ምን ነካቸው? ኃላፊያችንን ጠየቅኳቸው። «ለዓመታት የተረጨበት ቦታ ከሆነ ተርቡ አልቆ ይሆናል» አሉኝ። ሌላ የማደርገው ስላጣሁ ደብዳቤዎችህን ከመጀመሪያው ጀምሬ ደግሜ አነበብኳቸው። ቃልህ ይኸው፦ አንድ የተቀደደ ቅጠል አልተውም። ማታ ማታ ዞሬ አጸዳለሁ። ጠሪዎችሽንም ሳላዳላ።

ወንድም ጋሼ፣ የተበላው ቅጠል የት ነው የሚሄደው?

መልስህን መጠበቅ አላስፈለገኝም፤ እያየሁህ ነው። የአባባን ቅርጫት በክንድህ አንጠልጥለህ፣ እንደ አባባ በፉጨት እያዜምክ፣ ትል የነካውን ሁሉ ቀጥፈህ በርሜሉ ውስጥ ትደፋዋለህ። «የተበላ ቅጠል አይደር!» ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደብተራችንን ሳናስቀምጥ ነበር በዚህች ቃል የሚቀበለን። ለእሱ የተበሳ ቅጠል ማሳደር ገላ ሳይታጠቡ እንደ መተኛት ነበር። እዚህ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቅጠል የሚቀጥፍ ሰው ስለሌለ እኔም ረሳሁት። ለሌላ ሰው ቢሆን ማስጠንቀቅ ላያስፈልግ ይችላል፤ የአባባን ልጅ ግን ማስጠንቀቅ ነበረብኝ። እኔም አጥፍቻለሁ።

ጥሪው የሚበረታው በማግሥቱ ነው ብዬህ ነበር። አንተ ደግሞ ማታውኑ ትቀጥፈዋለህ። ተክሉ ሊጠራ ሲል አፉን ይዘህ ታስቀረዋለህ ማለት ነው። ጎረቤቶቹ ምንም አይሰሙም፣ ትሉም ወዳልተሰናዳ ቅጠል እየተዘዋወረ ያገኘውን ይበላል። ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ቅጠል እንዳትቀጥፍ። ይበሳ፣ ይቀደድ፣ ያስጠላ። እንግዳ ከመጣ «እህቴ አብዳ ነው» በለው።

ልጨምርልህ። ደብዳቤዎችህንም እንደዚያው ነው የምታደርጋቸው። የተበላ የተበላውን ቀጥፈህ አረንጓዴውን ብቻ ትልክልኛለህ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አልከኝ፤ ዝንቡ ባይገባም ትሉ ገብቶልሃል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውንም ታውቀዋለህ፤ እሱን ግን ተርተህልኝ አታውቅም። አንድ ያልተቀጠፈ ደብዳቤ ጻፍልኝ። አንድ ብቻ።

ቤቱ ይቅር ወንድም ጋሼ። መስታወቱ ይርገፍ። አንተ ቁምልኝ እንጂ።

አባጨጓሬህ

&nbsp;

የካቲት 25

ለእህቴ ለአባጨጓሬ፣

ጽሕፈቱ ቢያምርብሽ አትደነቂ፤ እኔ እየተናገርኩ እታበባሽ ናት የምትጽፈው። ያልኩትን ብቻ እንድትጽፍ ተስማምተናል። (አልተስማማንም። በቅንፍ ያለው የኔ ነው። እታበባሽ።)

ያልተቀጠፈ ደብዳቤ ብለሽኛል። እሺ።

ደብዳቤሽ ሲደርስ ቤት አልነበርኩም። ሆስፒታል ነበርኩ። የአንቺን መልስ ሳልጠብቅ የዳሩን መደብ ረጨሁት። በአባታችን አጥንት ምዬልሽ ነበር፤ አፈረስኩት። ሻጩ አላስገደደኝም፤ ትሉ ነው ያሸነፈኝ። በዚያ ጠዋት አንድ ፍሬ አነሳሁ፤ በእጄ ውስጥ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳሰብኩ አላውቅም። መደቡን አልጨረስኩትም። (ግማሹ ላይ ነው ያገኘሁት። አፉ ላይ የነበረው ጨርቅ በምራቅ ርሶ ነበር። ስሙን ብጠራው አያውቀኝም ነበር። ይህን አትጻፊ ብሎኛል፤ ጽፌዋለሁ።)

ሐኪሙ መርፌ ወጋኝ፤ ጮኸብኝ፤ ደግሞ ወጋኝ። አሁን ቤቴ ነኝ። መራመድ የምችለው ወንበር ተደግፌ ነው። ደረቴ ጠዋት ጠዋት ይጨንቀኛል። የግራ ዓይኔ አሁንም ጭጋግ ይታየዋል። እጄ ሲንቀጠቀጥ አልጋው አብሮ ይንቀጠቀጣል። እታበባሽ እንዳታይብኝ ብርድ ልብስ ውስጥ እደብቀው ነበር። (አየው ነበር።)

አሁንም የሚያስፈራኝ ያለፈው አይደለም። ከመድኃኒቱ የተረፈ አለ፤ ዕቃ ቤት ተቆልፎበታል። ከአልጋዬ የመስታወት ቤቱ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ደብዳቤሽን ካነበበችልኝ ወዲህ እታበባሽ ቅርጫቱን ገልብጣ ተቀምጣበታለች፤ አንድ ቅጠል አይቀጠፍም። ቤቱ ተቦዳድሶ፣ ተንጨባርሮ ሳየው እጄን ይበላኛል። ካልቀጠፍኩ ልርጭ ይለኛል። ጉልበት ባገኘሁ ቀን ተነስቼ እንዳልሄድ ራሴን አላምነውም። (ቁልፉን ደብቄዋለሁ።) ዱቄት ጣሳው ውስጥ ነው። (ከየት አወቅህ?) አየሽ? አውቃለሁ። እዚህ ያለ ሰው ሁሉ እኔን የሚችለኝ መስሎታል። ማንም አይችለኝም፤ እኔም አልችለኝም። ፈርቻለሁ እህቴ። ልጅ ሆኜም እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

(እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። ዛሬ ከጠሪዎቹ በአንዱ ላይ አንድ ትል ደርቆ አገኘሁ። ጀርባው ላይ እንደ ሩዝ ያሉ ነጫጭ ፍሬዎች ተደርድረዋል። ወንድምሽ የትል እንቁላል ነው፣ ጨፍልቂው ይለኛል። ልቤ ስላልፈቀደ ተውኩት። ነገ ቢፈለፈልብኝስ? ምን ላድርግ?)

ሌላ የምለው የለኝም። ሰላም ሁኚ።

(እዚህ ላይ ጨረስኩ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ወረቀቱን ሳጥፍ እጄን ያዘኝ። አንድ ቃል ቀርቶኛል አለኝ። ንገረኝ አልኩት። እኔም ብዕሬን እንደያዝኩ ጠበቅኩት።)

ነይ።

(እሱ ነው ያለው። እኔ አልጨመርኩበትም።)

&nbsp;

መጋቢት 2፣ ከደጃፋችሁ

ለወንድም ጋሼና ለእታበባ፣

ይህ ደብዳቤ ቴምብር የለውም። የምጽፈው ከበራችሁ ማዶ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። «ነይ» የሚለውን ሳነብ ቁጭ ብዬ አልጨረስኩትም፤ ቆሜ ነበር፣ አንድ እጄ ሻንጣ ውስጥ ነበር። ኃላፊያችን «ወዴት ነሽ?» ሲሉኝ «ተጠራሁ» አልኳቸው፤ ሌላ አልጠየቁኝም። ሹፌራችሁ ከባዶ ሣጥኖቹ ጋር ጭኖኝ መጣ። መንገዱን በሙሉ ስለ እናንተ ሲነግረኝ ነበር፤ እንዳልከው ያጋንናል፣ ግን አንተን በተመለከተ ያጋነነው ነገር የለም።

ደረስኩ፤ በሩን ደበደብኩ፤ ተጣራሁ። እናንተ መስታወት ቤቱ ውስጥ ስለሆናችሁ አትሰሙኝም፤ ዳኛውም ከኔ አብልጦ ይጮኻል። እንደ ድሮው ጠልቶኛል፤ ቢያንስ አንድ ያልተለወጠ ነገር አገኘሁ። ስለዚህ ይህን ወረቀት በበሩ ሥር እገፋለታለሁ። ወረቀት ሲያይ እንደሚያደርገው ሁሉ ነክሶ ወደ አንተ ይሮጣል።

እታበባ፣ ነጫጮቹን አትንኪያቸው! የትል እንቁላል አይደሉም፤ ተርቢቱ ልጆቿን የምታሳድርባቸው ከረጢቶች ናቸው። ደርሳለች ማለት ነው። የተበላው ቅጠል አድሮ ነው የጠራት። ቤቱን ሁሉ ታተርፈዋለች ብዬ ልዋሽሽ አልችልም፤ የተወሰነውን እናጣለን። ግን አልቆም፣ ጠፍቶም አልነበረም ተርቡ፤ ያልተጠራ እንግዳ አይመጣም እንጂ።

ወንድም ጋሼ፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከዱቄት ጣሳው አውጥተህ በገዛ እጅህ ትሰጠኛለህ። የተረፈውን መድኃኒት በአግባቡ የሚያስወግዱልን ሰዎች አሉ፤ ለእነሱ አስረክባለሁ። መርጫውን ደግሞ ይዤው እሄዳለሁ፤ ውኃ ብቻ እንዲይዝ እፈርድበታለሁ። እስክትድን እዚህ ነኝ። ማንም አይችለኝም ብለሃል፤ አንተ እኔን አባጨጓሬህን ከተወለድኩ ጀምሮ ስትሸከም ኖረሃል፣ አሁን ተሸካሚዋ እኔ ነኝ።

ከበሩ ፍርግርግ በኩል የመስታወት ቤቱ ይታየኛል። ቅጠሉ ተበሳስቶ ብርሃን በየቀዳዳው ያልፋል። አባባ ቢያየው ሁለተኛ ይሞት ነበር። እታበባ የተገለበጠ ቅርጫት ላይ ተቀምጣለች፤ አንተ መሃሉ ላይ ቆመሃል፣ ጀርባህን ወደኔ ሰጥተህ። መጀመሪያ መርጫውን አዝለህ እንዳላይህ ፈርቼ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስገልጠው ጀርባህ ላይ ከሸሚዝህ በቀር ምንም የለም። አንድ የተበላ ቅጠል ላይ ጎንበስ ብለሃል። እጆችህን ወደ ኋላ አድርገሃል፤ ሁለቱም ይንቀጠቀጣሉ፣ አንዱ ሌላውን ግጥም አድርጎ ይዞታል። ቅጠሉን ታየዋለህ። አትቀጥፈውም።

አለቀስኩ፤ ይህንን አልሰርዘውም።

በል ውሻውን እሰረው። በሩ ላይ ነኝ።

አባጨጓሬህ